ቤተሰብ ከምርቃት አይቅር፦ ለሰሞኑ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ከስልክ ወደ ስልክ ሲዘዋወር የሰነበተ አንድ ጽሑፍ አለ። ቤተሰብና ወዳጅ ዩኒቨርሲቲ ድረስ ሄዶ ምርቃት መታደሙ ትርፍ የሌለው ድካም ነው፤ የደስታ መልእክት በስልክም ይደርሳል ባይ ነው። ከላኩልኝ ሰዎች አንዳንዶቹ በጸሐፊው ሐሳብ ተስማምተው፣ ሌሎቹ ደግሞ ተናደው ነው የላኩት። ደጋግሜ አነበብኩት። ጸሐፊው ነገሩን አስበውበት ጽፈዋል፤ አገላለጻቸው የጠራ ነው፤ ካነሷቸው ነጥቦችም እውነት ያለባቸው አሉ። መደምደሚያቸውን ግን አልቀበልም። በቅርቡ ልጁ ወይም እህቱ የምትመረቅ ሰው ይህን ምክር አምኖ ቤቱ ቢቀር የሚያመልጠው ነገር ተመልሶ አይገኝም። ምላሽ ለመጻፍ የተነሣሁትም ለዚህ ነው።

በቅድሚያ ክርክራቸውን ሳላጣምም ላስቀምጥ። ዲግሪ የሚገኘው ፈተና ታልፎ ሴኔቱ ሲያጸድቀው ነው ይላሉ፤ መድረክ ላይ የሚሆነው ትርኢት ነው፣ ተመራቂው የሚቀበለው አቃፊ እንኳ ብዙ ጊዜ ባዶ ነው። እንግዳው ጥቂት ሰከንድ ለምትፈጅ ነገር ሰዓታት ይቀመጣል፤ ያችኑ በቀጥታ ስርጭት ቤቱ ሆኖ አጥርቶ ሊያያት ይችላል። ጋዋኑ፣ ሰልፉና ንግግሩ ያረጀ ልማድና የተቋሙ ማስታወቂያ ነው። ወጪው በተለይ አቅም ለሌለው ቤተሰብ ከባድ ነው። እንግዶቹ ራሳቸው በጩኸትና በስልክ ቀረጻ ሥነ ሥርዓቱን ያበላሹታል፣ በመግቢያ ካርድም ይጣላሉ። በመጨረሻም ስኬቱ የተማሪው የብቻው ስለሆነ ቤተሰብ መሀል ሊገባበት አይገባም።

የሌሎቹ ሁሉ መሠረት የመጀመሪያው ስለሆነ ከሱ ልጀምር፤ ረዘም አድርጌ የምቆየውም እዚሁ ነው። በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ነገሩ እሳቸው እንዳሉት ነው። ተማሪው የሚጠበቅበትን ሲያጠናቅቅና የሚመለከተው አካል ሲያጸድቅለት ዲግሪው የሱ ሆኗል፤ መድረክ ላይ ባይወጣም ማንም አይቀማውም። ሁሉም ቦታ ግን እንዲህ አይደለም። በኦክስፎርድና በካምብሪጅ ፈተና ማለፍ ብቻውን ባለ ዲግሪ አያደርግም፤ ዲግሪው የሚሰጠው በሥነ ሥርዓቱ ላይ ነው። በአካል መገኘት ያልቻለ ሰው እንኳ በሌለበት ተብሎ በዚያው ጉባኤ ይሰጠዋል። ሰውየው ሊቀር ይችላል፣ ጉባኤው ግን አይቀርም። ስለዚህ ምርቃት ሁልጊዜ ያለቀ ጉዳይ ማድመቂያ ነው ማለት ከመነሻው የተጋነነ ነው።

ስለ ባዶው አቃፊም ቢሆን፣ አዎ፣ በብዙ ቦታ ባዶ ነው፤ ቢበዛ የደስታ መግለጫ ወረቀት ይኖርበታል። ሆኖም ይህ የሆነው ሰው ለማታለል አይደለም። መቶዎች ተከታትለው በሚያልፉበት መድረክ ላይ አንድ ተመራቂ ቢቀር ወይም ሁለቱ ቦታ ቢቀያየሩ፣ ከነሱ በኋላ ያለው ሁሉ የሌላ ሰው ዲግሪ ይዞ ይወርዳል። በአንዳንድ ተቋማት ደግሞ ሥነ ሥርዓቱ የሚካሄደው የመጨረሻው ሴሚስተር ውጤት ተጣርቶ ሳያልቅ ነው። ስለዚህ ትክክለኛው ወረቀት ቆይቶ ከሬጅስትራር ይወሰዳል ወይም በፖስታ ይላካል። ተመራቂዎች ይህን ለወላጆቻቸው አስቀድመው ቢነግሩ ጥሩ ነው፤ አቃፊውን ከፍታ ባዶ ሆኖ ስታገኘው ልጄ ወደቀ እንዴ ብላ የምትደነግጥ እናት አትጠፋም።

ዋናው ጥያቄ ግን አቃፊው አይደለም። አስቀድሞ የተወሰነ ነገር በሰው ፊት መታወጁ ምን ይጨምራል? ጸሐፊው መልሱ ምንም ነው ይላሉ። ምርጫ ያሸነፈ ሰው ማሸነፉ የሚታወቀው ድምፅ ሲቆጠር ነው፤ ቃለ መሐላውን ግን በሕዝብ ፊት ይፈጽማል፣ ማንም ትርኢት አይለውም። በሰው ፊት የተነገረ ነገር ባለቤቱንም ሰሚውንም ያስራል። ዩኒቨርሲቲዎች ይህን ከጥንት ያውቁታል። ምሥረታው በልማድ ከ1088 እ.ኤ.አ. የሚቆጠረው የጣሊያኑ ቦሎኛ ዩኒቨርሲቲ በመካከለኛው ዘመን ዶክተር የሚሆነውን ሰው ሁለት ጊዜ ይፈትነው ነበር። የመጀመሪያው ፈተና በዝግ ነው፤ እጩው በመምህራን ፊት ይመረመራል፣ እውቀቱ የሚለካውም እዚያ ነው። ሁለተኛው በካቴድራሉ ውስጥ፣ በአደባባይ ነበር። እጩው ንግግር ያደርጋል፣ ተማሪዎች ይሟገቱታል፣ ሊቀ ዲያቆኑ የማስተማር ፈቃዱን ያውጅለታል። ከዚያ በመምህር ወንበር ያስቀምጡታል፤ የተከፈተ መጽሐፍ ይሰጡታል፣ ቀለበት ያጠልቁለታል፣ ቆብ ይደፉለታል። ሲወጣም ወዳጆቹ በፈረስ አጅበውት፣ መለከት እየተነፋ ከተማውን ያዞሩታል። እውቀቱ በዝግ ተረጋግጦ ካበቃ ያ ሁሉ ሰው ለምን ተጠራ? አዲሱን መምህር ከተማው እንዲያውቀው ነው።

ከዚህም የሚበልጥ ምሳሌ አለ። በ1678 እ.ኤ.አ. ኤሌና ኮርናሮ ፒስኮፒያ የተባለች የቬኒስ ሴት በፓዱዋ ዩኒቨርሲቲ በፍልስፍና ዶክትሬት ተቀበለች፤ የዶክትሬት ዲግሪ ያገኘች የመጀመሪያዋ ሴት ተብላ ትታወቃለች። ሊያያት የመጣው ሰው ከመብዛቱ የተነሣ ሥነ ሥርዓቱ ከዩኒቨርሲቲው አዳራሽ ወደ ከተማው ካቴድራል ተዛወረ። መምህራን፣ ተማሪዎች፣ የቬኒስ ሹማምንትና ከሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች የተጋበዙ እንግዶች በተገኙበት ስለ አርስቶትል ጽሑፎች ተጠየቀች፣ መለሰችም። በጽሑፉ መለኪያ ከሄድን ያ ሁሉ ታዳሚ ቤቱ ሊቀር ይገባ ነበር። እስቲ ቀርቶ ቢሆን እናስብ። ዩኒቨርሲቲው ከእሷ በኋላ ለሴቶች በሩን መልሶ ዘግቷል። በዚያ ሁሉ ዓይን ፊት የተደረገውን ግን አልነበረም ሊለው አልቻለም። ሰነድ ከመዝገብ ቤት ሊጠፋ ይችላል፤ አንድ ካቴድራል ሙሉ ሰው ያየውን መደበቅ ግን ይከብዳል።

ኦክስፎርድ ውስጥ እስከ ዛሬ የቀጠለ አንድ ልማድም አለ። ዲግሪ ሊሰጥ ሲል ፕሮክተር የሚባሉት ሹሞች በአዳራሹ መሀል ወዲያና ወዲህ ይመላለሳሉ። እንደሚተረከው ከታዳሚው መካከል ተቃውሞ ያለው ሰው፣ ለምሳሌ ተማሪው ዕዳውን ያልከፈለው ነጋዴ፣ የፕሮክተሩን ልብስ ጎተት አድርጎ ማስቆም ይችል ነበር። ታዳሚው በጉዳዩ ላይ ድምፅ ነበረው ማለት ነው። ዛሬ ልብስ የሚጎትት የለም። የታዳሚው ቦታ ግን ከዚያ የመጣ ነው። ከኋላ ወንበር ላይ የተቀመጠችው አክስት ቲያትር ለማየት ካርድ የቆረጠች ሰው አይደለችም፤ ይህ ሰው ይህን ማዕረግ ተቀበለ ሲባል ሰምቻለሁ የምትል ምስክር ናት።

ፈተና ማለፍና ባለ ዲግሪ ተብሎ መታወጅ አንድ አለመሆናቸውን ደግሞ ከማንም በላይ የሚያውቁት የተከለከሉት ናቸው። ኦክስፎርድ ለሴቶች ዲግሪ መስጠት የጀመረው በ1920፣ ካምብሪጅ በ1948 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት ሴቶች እዚያው ተምረው፣ ያንኑ ፈተና አልፈው ያለ ዲግሪ ይሄዱ ነበር። ከ1904 እስከ 1907 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ በደብሊን የሚገኘው ትሪኒቲ ኮሌጅ ለእነዚህ ሴቶች ዲግሪውን እሰጣለሁ ሲል ወደ 700 የሚጠጉ ሴቶች በመርከብ ባሕር ተሻግረው ሄደው ተቀበሉ። ከነሱ ብዙዎቹ ትምህርታቸውን ከጨረሱ ዓመታት ያለፋቸው፣ በሥራ ላይ ያሉ መምህራን ነበሩ። የሄዱት ለማዕረጉ እንጂ ለበዓሉ አይደለም የሚል ይኖራል፤ ይህን እቀበላለሁ። ግን ሁሉም ነገር በፈተናው ያለቀ ቢሆን ኖሮ ለመርከቡ መሳፈሪያ የሚከፍሉበት ምክንያት አይኖርም ነበር።

ወደ ሰዓቱና ወደ ስርጭቱ ልለፍ። መጠበቁ ረጅም ነው። አንዳንዴ በጣም ረጅም ነው። ረጅም የሚያደርገው ግን ምንድን ነው? አንድ ስም ተጠርቶ ተመራቂው መድረኩን እስኪያልፍ 8 ሰከንድ ቢፈጅ 500 ተመራቂ ከአንድ ሰዓት ጥቂት ያለፈ ጊዜ ነው። የቀረውን የሚበላው የክብር እንግዶች መዘግየትና የንግግር ርዝመት ነው። ይህ ወቀሳ ተገቢ ነው፤ ተወቃሹ ግን አዘጋጁ ነው። እንግዳውም ቢሆን ማወቅ የሚገባው ነገር አለ፦ ሁሉም ሥነ ሥርዓት ስም አይጠራም። በሃርቫርድ ጠዋት በትልቁ መድረክ ዲግሪው ለየትምህርት ቤቱ በጅምላ ይሰጣል፤ ስም እየተጠራ ወረቀት የሚታደለው ከዚያ በኋላ በየትምህርት ቤቱና በየተማሪዎች መኖሪያው ነው። በሌሎች ብዙ ተቋማትም ትልቅና ትንሽ ሥነ ሥርዓት ለየብቻ አለ። ጊዜው ወይም ጉልበቱ ለአንዱ ብቻ የሚበቃው ቤተሰብ ተመራቂውን ጠይቆ ስም የሚጠራበትን ይምረጥ። ትልቁ ላይ ሰዓታት ተቀምጦ የልጁን ስም ሳይሰማ የተመለሰ ወላጅ ቢማረር አልፈርድበትም።

መጠበቁ ባዶ ነው የሚለውን ግን አልስማማበትም። የእህቴ ልጅ ስትመረቅ አጠገቤ አንድ አዛውንት ተቀምጠው ነበር። ንግግሩ የሚደረግበትን ቋንቋ አያውቁትም። የተመራቂዎች ስም የታተመበትን መጽሔት ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው፣ ልጃቸው ያለበትን ገጽ ጥጉን አጥፈው ይዘዋል። ስም መጠራት ሲጀምር አመልካች ጣታቸውን ከዝርዝሩ አናት ላይ አሳረፉ። አንድ ስም በተጠራ ቁጥር ጣታቸው አንድ መስመር ይወርዳል። አንድ ተመራቂ ቀርቶ ስሙ ሲዘለል ጠፋባቸው፤ ቀና ብለው አዩኝ፣ ቦታውን አሳየኋቸው፣ ቀጠሉ። ሦስት መስመር ሲቀር መነጽራቸውን አውልቀው በኮታቸው ጫፍ ጠረጉት፣ መልሰው አደረጉት። ልጃቸው ሲጠራ አላጨበጨቡም፤ ተነሥተው ቆሙ፤ ቀጣዩ ሲጠራ ተቀመጡ። ከዚያ በኋላ ጣታቸው መውረዱን አላቆመም። የልጃቸው ወረፋ ካለፈ በኋላም የማያውቋቸውን ልጆች ስም እስከ መጨረሻው ተከታተሉ። እኚህን ሰው ለጥቂት ሰከንድ ብለው ሰዓታት አባከኑ ማለት አልችልም። ያ ሰዓት ልጃቸው ከስንት ሰው ጋር፣ ከነማን መካከል እዚህ እንደደረሰ የሚያሳያቸው ነበር።

በስርጭቱ በኩል ጸሐፊውን የምደግፍበት ቦታ አለ። የታመመ፣ ቪዛ የተከለከለ፣ በሥራ የተያዘ፣ ሩቅ አገር ያለ ሰው በቀጥታ ቢያይ መልካም ነው፤ ተቋማትም ሊያስተላልፉ ይገባል። ስርጭቱ መገኘትን ይተካል መባሉ ነው ልክ ያልሆነው። ይህ ደግሞ በዓለም ደረጃ ተሞክሯል። በ2020 እ.ኤ.አ. በወረርሽኙ ምክንያት እጅግ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ምርቃታቸውን በኢንተርኔት ብቻ አካሄዱ። ዲግሪው ተሰጠ፣ ንግግሩ ተደረገ፣ ስሙ በስክሪን ታየ። በጽሑፉ ስሌት የጎደለ ነገር አልነበረም። ሆኖም ሃርቫርድና ሚሺጋንን የመሳሰሉ ዩኒቨርሲቲዎች በ2022 እ.ኤ.አ. የ2020 ተመራቂዎቻቸውን መልሰው ጠርተው በአካል ሥነ ሥርዓት አደረጉላቸው። ተመራቂዎቹ ሥራ ይዘው፣ ከተማ ቀይረው ነበር፤ ወረቀታቸውም በእጃቸው ነበር። እንዲያም ሆኖ ተመለሱ።

ስርጭት የማይተካው ለምን እንደሆነ ለመረዳት አዳራሹን ከመድረኩ በኩል ማየት ይበቃል። ካሜራው ተመራቂዋን ለቤተሰቧ ያሳያል፤ ቤተሰቧን ግን ለእሷ አያሳያትም። ተራዋ ደርሶ ከደረጃው ሥር ስትቆም የስሟን ካርድ ለስም ጠሪው ትሰጣለች። ስሙን እንዳያበላሸው አነባበቡን በጎን የጻፈችበት ካርድ ነው። ስሟ እስኪጠራ ባሉት ጥቂት ሰከንዶች ቀና ብላ በአዳራሹ ውስጥ አንድ ፊት ትፈልጋለች። አብዛኞቹ ተመራቂዎች ይህን ያደርጋሉ፤ መድረኩ አጠገብ የተቀመጠ ሰው ልብ ሊለው ይችላል። ያንን ፊት ካገኙት የሚሄዱበት እርምጃ ይለያል። ጽሑፉ እንግዳው ምን ያያል ብሎ ብቻ ነው የጠየቀው፤ ተመራቂው ማንን ያያል የሚለውን አልጠየቀም።

ሌላም የዘለሉት ነገር አለ። የቀኑ ግማሽ የሚያልፈው ከአዳራሹ ውጭ ነው። ልጆች ቤት ሲመጡ ስለ ትምህርታቸው የሚያወሩት ጥቂት ነው። በምርቃት ቀን ግን እናት የልጇን የክፍል ጓደኞች ታገኛለች፣ በቅጽል ስም ሲጠሩት ትሰማለች፣ ሲታመም ማን እንዳስታመመው ታውቃለች። አማካሪ መምህሩ መጥቶ ስለ መመረቂያ ጽሑፉ ሁለት ዓረፍተ ነገር ይነግራታል። ቤተ መጻሕፍቱን፣ ይቀመጥበት የነበረውን ጥግ ያሳያታል። ለዓመታት በስልክ ብቻ የምታውቀውን ሕይወት ለጥቂት ሰዓት ገብታ ታያለች። ይህን የሚያሰራጭ ካሜራ የለም፤ ከዚያ ቀን በኋላም ጓደኞቹ ስለሚበተኑ የሚታይ ነገር አይኖርም።

ስለ ጋዋኑና ስለ ሰልፉ ብዙ አልልም። ልማዱ ያረጀ መሆኑ እውነት ነው፤ ዕድሜው ግን ስንፍና አይደለም። ረጅሙ ልብስ የመካከለኛው ዘመን ሊቃውንት ብርዳማ ሕንጻዎች ውስጥ ይለብሱት የነበረ የዘወትር ልብስ ነው። ዛሬ ደግሞ የሚነበብ ነገር ሆኗል። ለምሳሌ በአሜሪካ ከ1895 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በወጣው ደንብ መሠረት የዶክተር ጋዋን እጅጌው ሰፊ ሆኖ ሦስት የከፋይ መስመር አለበት፤ ከኋላ የሚንጠለጠለው ሁድ ውስጡ የዩኒቨርሲቲውን ቀለም፣ ዳር ዳሩ የትምህርት መስኩን ያሳያል። ይህን ያወቀ እንግዳ መምህራኑ በሰልፍ ሲገቡ ማን ከየት እንደተማረ እያነበበ ይቀመጣል። ማስታወቂያ ነው ለሚለው፣ አንዳንዱ ንግግር በርግጥ ማስታወቂያ ነው። ይሁንና ተቋሙ ስለ ራሱ ስላወራ ቤተሰብ ስለ ልጁ የመጣበት ጉዳይ አይሰረዝም።

ወጪው ከባዱ ነጥብ ነው፤ እዚህ ላይ ጸሐፊው የተናገሩት አብዛኛው ልክ ነው። ችግሩም አዲስ አይደለም። በመካከለኛው ዘመን ለዶክትሬት ምርቃት የሚወጣው ገንዘብ ከልክ ስላለፈ በ1311 እ.ኤ.አ. በፈረንሳይዋ ቪየን ከተማ በተከፈተው የቤተ ክርስቲያን ጉባኤ የሮማው ጳጳስ ቀሌምንጦስ 5ኛ ወጪው ከብር ማዕድን ከተሠሩ 3000 ሳንቲሞች እንዳይበልጥ ወስነዋል። እንግዲህ ከ700 ዓመት በፊትም ሰው ለዚህ ቀን ከልክ በላይ ያወጣ ነበር። የቪየን ውሳኔ ግን ድግሱን ገደበ እንጂ በአደባባይ መመረቅን አልሰረዘም። ጸሐፊው ደግሞ የድግሱን ሸክም አይተው መገኘቱን ይሰርዙታል። ቤተሰብን ዕዳ ውስጥ የሚያስገባው አዲስ ልብስ፣ የተከራየ መኪና፣ የሚከፈልበት ፎቶ አንሺ፣ ለዘመድ ሁሉ የሚዘረጋው ግብዣ ነው። አዳራሽ ገብቶ መቀመጥ ከነዚህ አንዱንም አይጠይቅም። አቅም የሌለው ቤተሰብ ሁሉም መሄድ የለበትም፤ አንድ ሰው ይሂድ፣ ባለው ልብስ ይሂድ፣ በስልኩ ፎቶ ያንሣ።

ጸሐፊው ያላዩት የሚመስለኝ ነገርም እዚህ ላይ አለ። ምክራቸውን ማን ይሰማል? ወላጆቹ፣ አያቶቹ ሁሉ የተማሩለት ቤተሰብ አይሰማም፤ እንደ ልማዱ ይሄዳል፣ ከፊት ይቀመጣል። የሚሰማው ቀድሞውንም እዚያ ግቢ ምን ቦታ አለኝ ብሎ የሚያመነታው ነው። ከቤቱ የመጀመሪያውን ዲግሪ የያዘ ልጅ አባት፣ ልብሴ አይመጥንም፣ ቋንቋው አይገባኝም፣ ልጄን አሳፍራለሁ ብሎ የሚፈራ ሰው ነው። ለሱ ሲባል የተጻፈው ምክር ሰበብ ይሆነውና ይቀራል። አዳራሹም ከድሮም ለለመዱት ሰዎች ብቻ ይተዋል። ለድሃው ማሰባቸውን አልጠራጠርም፤ ምክራቸው ግን የሚያስቀረው እሱን ነው።

ስለ እንግዶች ጠባይ የጻፉትን ሳነብ ራሴን ስነቀንቅ ነበር። አንዱ ቤተሰብ ሲጮኽ ቀጥሎ የተጠራው ልጅ ስም ይዋጣል፤ የዚያ ልጅ እናት ለዓመታት የጠበቀችውን ስም ሳትሰማ ትቀራለች። ይህ በደል ነው፣ በደስታ ስም መታለፍ የለበትም። ማጨብጨብ ቢያስፈልግ አጭር ይሁን፣ ቀጣዩ ከመጠራቱ በፊት ያብቃ። ስልክ ከጭንቅላት በላይ አይነሣ፤ ከኋላ አጭር እናት አለች። የራስህ ሰው ካለፈ በኋላ ተነሥቶ መውጣትም ለቀሩት ንቀት ነው። የመግቢያ ካርድ ነገር ደግሞ ቀላል መፍትሔ አለው፦ አዳራሽ የሚይዘው ሰው ለደኅንነት ሲባል የተወሰነ ስለሆነ ካርዱ ሁልጊዜ ያንሳል፤ ስለዚህ ማን እንደሚገባ ተመራቂው ይወስን፣ አስቀድሞም ይናገር። አያት ከሚቀሩ አጎት ከውጭ ይጠብቅ። ይህ ሁሉ ግን እንግዳ እንዴት ይታደም የሚለውን ይመልሳል። አንዳንድ ሰው ስለጮኸ ሁሉም ይቅር ማለት ሌላ ነገር ነው፤ ከታደሙት ብዙዎቹ በጸጥታ የተቀመጡ ናቸው።

የመጨረሻው ነጥብ፣ ስኬቱ የተማሪው የብቻው ነው የሚለው፣ ከሁሉም ያሳዘነኝ ነው። ፈተናውን የተፈተነው ተማሪው ነው፤ በዚህ አንከራከርም። ተመራቂው ራሱ ሰው እንዲመጣበት ካልፈለገም ፈቃዱ ይከበር፤ ቤተሰቡ የጎዳው ልጅ አለ፣ ግርግር የሚያስጨንቀው አለ፣ ወላጆቹን በሞት ያጣና ቀኑ የሚከብደው አለ። እነዚህን ማንም አያስገድዳቸው። ነገር ግን ከነሱ ተነሥቶ ለሁሉም ደንብ ማውጣት አይቻልም። በብዙ ምርቃቶች ላይ ተናጋሪው ተመራቂዎቹን አስነሥቶ ወደ ኋላ እንዲዞሩ፣ ላመጧቸው ሰዎች እንዲያጨበጭቡ ይጠይቃል። መምህራኑም አብረው ያጨበጭባሉ። በዚያች ደቂቃ ተቋሙ ራሱ፣ በአደባባይ፣ ይህ ልጅ ብቻውን አልመጣም ይላል። የሌሊት ፈረቃ ሠርታ ክፍያውን የሸፈነች እናት፣ ታናሹ እንዲማር የራሱን ትምህርት ያቋረጠ ወንድም ምስጋናቸውን የሚቀበሉት ያኔ ነው። ሌላ ጊዜ የሚሰጣቸው የለም፤ ትራንስክሪፕቱ ላይ ስማቸው አይጻፍም። ጸሐፊው እንዳሉት ሁሉም ቤቱ ቢቀር ተመራቂዎቹ የሚዞሩት ወደ ባዶ ወንበር ነው።

እንግዲህ ከስድስቱ ነጥቦች ውስጥ እኔና ጸሐፊው የምንስማማባቸው ብዙ ናቸው፤ ልዩነታችን ቅሬታው ለማን መድረስ አለበት የሚለው ላይ ነው። ሰዓቱ መርዘሙን፣ ንግግሩ መብዛቱን፣ ካርዱ ማነሱን ለወላጆች መጻፍ ምንም አይለውጥም። ለዩኒቨርሲቲዎቹ ይጻፍ። በተባለው ሰዓት ይጀምሩ፤ የክብር እንግዳው ከዘገየ ስም መጥራቱ ይቅደም። ስም ጠሪው ካርዶቹን ቀደም ብሎ ይለማመድባቸው። ለአረጋውያንና መቆም ለማይችሉ ወንበር ይያዝ፣ ደረጃ የሌለበት መግቢያ ይኑር። በየትኛው ሥነ ሥርዓት ላይ ስም እንደሚጠራ በግብዣው ላይ ይጻፍ። መምጣት ለማይችሉት ስርጭቱ ይኑር፤ ንግግሩ ለማይገባቸውም የስም ዝርዝሩ በሚነበብ ፊደል ይታተም። ጸሐፊው ብዕራቸው የሚሰማ ነውና ቀጣዩን ጽሑፋቸውን ለነዚህ ኃላፊዎች ቢያደርጉት፣ እኔም ከሚያጋሩት የመጀመሪያው እሆናለሁ።